ከፕራግ መስኮት የወጣ ቃል

በእንግሊዝኛ «ዲፈነስትሬሽን» የሚባል ቃል አለ። ሰውን በመስኮት አውጥቶ መወርወር ማለት ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ላይጠቀምበት ይችላል። አካሉ ላቲን ነው፦ «ዴ» ከአንድ ስፍራ ወደ ታች ወይም ወደ ውጭ መራቅን ያመለክታል፤ «ፈነስትራ» መስኮት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ድርጊትን ወደ ስም የሚለውጥ የተለመደ የላቲን ቅጥያ ነው። ሲፈቱት ከቄሣሮች ዘመን የወረደ ይመስላል፤ የጥንት ሮማውያን ግን አያውቁትም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለው በ1620 ገደማ ሲሆን፣ ለመወለዱ ምክንያት የሆነው ሜይ 23 ቀን 1618 በፕራግ ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተፈጸመ ነገር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የቃላትን ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ጭጋግ ነው። ይህኛው ቃል ግን ቀንም፣ ቤትም፣ ደርብም አለው። ደረጃውን ወጥቶ በዚያው መስኮት ብቅ ማለት ይቻላል። ወደ ፕራግ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ስለ መስኮቱ ስም አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሣ። እንግሊዞች መስኮትን የሚጠሩበት «ዊንዶው» ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የነፋስ ዐይን» ማለት ነው። ቼኮች «ኦክኖ» ይሉታል፤ ዐይን በእነሱ ቋንቋ «ኦኮ» ነው። ስፔኖች ከነፋስ ወስደው «ቬንታና» አሉት። የላቲኑ «ፈነስትራ» ደግሞ በፈረንሳይኛ «ፈኔትር»፣ በጀርመንኛ «ፌንስተር» ሆኖ ኖረ። በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛም ገብቶ «ፈነስተር» እየተባለ ከ«ዊንዶው» ጎን ለጎን ሲያገለግል ቆየ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ተረሳ። መቶ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። በፊት ብርሃንና አየር የሚገባበት ነበር፤ ሲመለስ ሰው የሚጣልበት ሆኖ ተመለሰ።

ፕራግ ውስጥ ይህን ታሪክ ለመከተል የ22 ቁጥር ትራም ይበቃል። ትራሙ ካርሎቮ ናሜስቲ የሚባለውን አደባባይ ያልፍና የቭልታቫን ወንዝ ይሻገራል፤ ማላ ስትራና በሚባለው አሮጌ ሰፈር በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይወጣል፤ ፖሆርዤሌትስ የሚባል ፌርማታ ላይ ቆሞ ይነሣና እስከ ቢላ ሆራ፣ እስከ «ነጭ ተራራ» ድረስ ይዘልቃል። በ1419፣ በ1618፣ በ1620 እና በ1948 የሆነው ሁሉ በዚህ ሐዲድ ዳርና ዳር ነው።

ካርሎቮ ናሜስቲ

አደባባዩ ዛሬ ዛፍና አግዳሚ ወንበር የሞላው መናፈሻ ነው። ንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ በ1348 አዲሱን ከተማ ሲቆረቁር የከብት ገበያ እንዲሆን አስፍቶ ያስተከለው ነው። በሰሜን ጫፉ የአዲሱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ቆሟል፤ በአቅራቢያው ያን ዤሊቭስኪ የሚባል ሰባኪ ሐውልት አለ።

ዤሊቭስኪ የያን ሁስ ተከታይ ነበር። ሁስ የፕራግ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በቼክ ቋንቋ ለሕዝቡ የሚሰብክ ቄስ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን አለቆችን ገንዘብ ወዳድነት በመንቀፉ ጁላይ 6 ቀን 1415 ኮንስታንስ በተባለች ከተማ በእሳት ተቃጠለ። ተከታዮቹ ከሞቱ በኋላ ብዙ ነገር ጠየቁ፤ ምልክታቸው ያደረጉት ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ምእመኑ ከቅዱስ ቁርባኑ ኅብስቱን ብቻ ሳይሆን ጽዋውንም ይቀበል። በዚያ ዘመን በሮም ቤተ ክርስቲያን ጽዋው ለካህኑ ብቻ ነበር። ሥጋውንም ደሙንም መቀበል ከጥንት የወረደ ሥርዓቱ ለሆነ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን፣ በዚህ ጉዳይ አገር ደም መፋሰሱን ማመን ይከብደዋል። ቼኮቹ ግን ጽዋ በሰንደቃቸው ላይ ሥለው ዘምተውበታል። በላቲን «ሱብ ኡትራክዌ»፣ «በሁለቱም ዓይነት» ከሚለው ሐረግም «ኡትራክዊስት» የሚባል ስም ወጣላቸው።

ጁላይ 30 ቀን 1419 ዤሊቭስኪ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ፣ ሕዝቡን አስከትሎ ከበረዶዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተነሣ። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲደርሱ የታሰሩ ወገኖቻቸው እንዲፈቱ ጠየቁ። ሹማምንቱ እምቢ አሉ። ከላይ በመስኮት ድንጋይ ተወረወረ ይባላል። ሕዝቡ በሩን ሰብሮ ወጣ፤ ያን ዢሽካም አብሮ ነበር። ዢሽካ አንድ ዐይኑን ያጣ፣ በኋላም ሁለቱንም አጥቶ ዕውር ሆኖ ሳለ ጦርነት ያሸነፈ የጦር አለቃ ነው። የከተማውን ሹማምንት እያነሡ በመስኮት ጣሏቸው። ታች የቆመው ሕዝብ ጦሩን ወደ ላይ ቀስሮ ይጠብቅ ነበር። በሕይወት የደረሱትንም እዚያው ጨረሷቸው።

ንጉሡ ቫጽላቭ 4ኛ ወሬውን በሰማ በሳምንታት ውስጥ፣ ኦገስት 16 ቀን ሞተ። የሁሳውያን ጦርነት ተነሣና እስከ 1434 ዘለቀ። ዤሊቭስኪም በ1422 በአሮጌው ከተማ ማዘጋጃ ቤት አንገቱን ተቀላ።

ሰልፉ የተነሣበትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ወደ መሐል ከተማ ተመልሼ ነበር። ዛሬ የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ይዞታ ነው። ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሬሜድዩስ ፕሩትኪ የተባለ ቦሔሚያዊ ፍራንሲስካን በ1752፣ በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀምጧል፤ ያየውንም በላቲን ጽፎታል። ያ ቋንቋ ለተማሩ አውሮፓውያን የጋራ መገናኛቸው ስለነበር፣ ከቦሔሚያ የተነሣ መነኩሴ ስለ ጎንደር የጻፈውን ሌላው ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። የመስኮቱም ወሬ ከአገር አገር የዞረው በዚሁ መንገድ ነው። የፕራግ ሰው በቼክ ወይም በጀርመን ቋንቋ ብቻ ቢያወራው ኖሮ የሰፈር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በላቲን ሲጻፍ ለለንደንም ለፓሪስም ቃል ሆነ።

ግንቡ ላይ

በቤተ መንግሥቱ ፌርማታ ከትራሙ ወርዶ ገደሉ ላይ የተዘረጋውን ድልድይ የተሻገረ ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ግቢ ላይ የቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል ሰማዩን ይዞታል፤ አብዛኛው ጎብኚ ወደዚያ ይጎርፋል። እኔ በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ አሮጌው የንጉሥ ቤት ገባሁ።

መጀመሪያ የሚቀበለው የቭላዲስላቭ አዳራሽ ነው። ቤኔዲክት ሪድ የተባለ ዐናጺ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የጨረሰው፣ 62 ሜትር ርዝመት፣ 16 ሜትር ስፋት፣ 13 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ክፍል። በመካከሉ አንድም ምሰሶ የለም። ከግድግዳው የሚነሡት የድንጋይ ጅማቶች ጣራው ላይ እየተጠማዘዙ ይጠላለፋሉ፤ ድንጋይ እንዲህ እንዲታጠፍ ያደረገ እጅ ያስደንቃል። ፈረሰኞች ከነፈረሳቸው ገብተው እዚህ ይጋጠሙ ነበር፤ ለፈረስ እንዲመች የተሠራው ሰፊ ደረጃ አሁንም አለ።

ከአዳራሹ ጥግ አንድ በር ወደ ሉድቪግ ክንፍ ይወስዳል። የቦሔሚያ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ከአዳራሹ ግርማ በኋላ ክፍሉ ተራ ነው፤ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍበት፣ ማኅተም የሚመታበት ቢሮ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ተቀምጧል። ቀረብ ሲሉ የማላ ስትራና ቀይ ጣራዎች፣ ወንዙና ማዶው ከተማ ይታያሉ። ጎንበስ ሲሉ ግንቡ ወደ ታች ይሄዳል፤ ወደ 20 ሜትር ገደማ።

በ1609 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ ለቦሔሚያ ፕሮቴስታንቶች የእምነት ነጻነት የሚሰጥ ደብዳቤ ፈርሞላቸው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ደብዳቤውን አላከበሩትም። ብሮውሞቭ ላይ ፕሮቴስታንቶች ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ ህሮብ ላይ ያሠሩት ፈረሰ። በ1617 ደግሞ ካቶሊክነቱን አጥብቆ የሚይዘው የሃብስበርጉ ፈርዲናንድ የቦሔሚያ ንጉሥ እንዲሆን ተመረጠ። መኳንንቱ የፈሩት ለእምነታቸውም ለሥልጣናቸውም ነበር፤ ሁለቱን ነጥሎ ማየት ያን ዘመን አለማወቅ ነው።

ሜይ 23 ጠዋት በካውንት ቱርን የሚመሩ መኳንንት ወደዚህ ክፍል ገቡ። ከንጉሡ እንደራሴዎች አራቱ ነበሩ። ከቪየና የመጣውን ቁጡ ደብዳቤ ያስጻፋችሁ እናንተ ናችሁ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሁለቱን ጥፋት የለባቸውም ብለው ከክፍሉ አስወጧቸው። የቀሩት ቪሌም ስላቫታ እና ያሮስላቭ ማርቲኒጽ ነበሩ።

ማርቲኒጽን አስቀድመው ጣሉት። የእመቤታችንን ስም እየጠራ ወደቀ ይባላል። ስላቫታ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጦ ተንጠለጠለ፤ ጣቶቹን መቱበትና ለቀቀ። ሲወድቅ ራሱ ድንጋይ ነክቶ ቆሰለ። ከዚያ ፊሊፕ ፋብሪጽዩስ የተባለውን ጸሐፊ አነሡ። ይህ ሰው የማንም ሹም አልነበረም፤ ሥራው መጻፍ ነበር። እሱንም ጨመሩት።

ሦስቱም ተረፉ።

ካቶሊኮቹ የእመቤታችን እጅ፣ የመላእክት ክንፍ ተቀበላቸው አሉ። ፕሮቴስታንቶቹ በበራሪ ወረቀቶቻቸው የፍግ ክምር ላይ ነው የወደቁት ብለው ጻፉ። በመስኮቱ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ሦስተኛ መልስ አለ፦ የግንቡ እግር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ውጭ ዘንበል እያለ ይሰፋል፤ ሰዎቹም የለበሱት ወፍራም ካባ ነበር፤ እየተንሸራተቱ ወርደው ይሆናል። እኔ ይህን አምናለሁ። ግን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መትረፍ ሲታሰብ፣ እዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ ስለ መላእክት ከሚናገሩት ጋር ቆሜ ይሆን ነበር።

ከታች፣ በግንቡ ሥር ባለው የአትክልት ስፍራ፣ በወደቁበት አካባቢ ሁለት የድንጋይ ሐውልቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቆመዋል። ፋብሪጽዩስ ከወደቀበት ተነሥቶ ወደ ቪየና ሄደና ወሬውን ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰ፤ በኋላም መኳንንትነት ሲሰጠው «ፎን ሆሄንፋል» ተባለ፤ «ከከፍታ የወደቀው» እንደ ማለት ነው። ስላቫታ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ፖሊክሴና በተባለች የሎብኮቪጽ እመቤት ቤት ተጠለለ። ሁለቱም ሹማምንት ረዥም ዕድሜ ኖሩ፤ ማርቲኒጽ እስከ 1649፣ ስላቫታ እስከ 1652። ወርዋሪው ቱርን ግን በስደት በባልቲክ ዳርቻ በ1640 ሞተ። በመስኮት የተጣሉት ሁለቱ ሹማምንት የጣላቸውንም፣ ያ መጣል ያስነሣውን ጦርነትም ቀብረዋል።

ፕሮቴስታንቶቹ ድርጊታቸው ከአባቶች የወረደ ልማድ መሆኑን ሲከራከሩ፣ የ1419ን ብቻ ሳይሆን የኤልዛቤልንም ምሳሌ ያነሡ ነበር። መጽሐፈ ነገሥትን የሚያውቅ አንባቢ ታሪኩን አይረሳም፤ ኤልዛቤል ዐይኗን ተኩላ፣ ራሷን አስጊጣ በመስኮት ስትመለከት ኢዩ ጃንደረቦቹን ወርውሯት አላቸው፤ ወረወሯትም። መጽሐፍ ቅዱስ ሌሎች መስኮቶችም አሉት። ረዓብ ሰላዮቹን በገመድ ያወረደችበት፣ ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት የወረደበት፣ ጢሮአዳ ላይ አውጤኪስ የተባለው ጎልማሳ ስብከቱ ሲረዝም እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ የወደቀበት። ከሁሉም መስኮቶች የፕራግ መኳንንት የመረጡት የኢዩን ነበር። ቅዱስ መጽሐፉ ስለ ማዳኛ መስኮትም እየነገራቸው የገዳዩን መምረጣቸው ያሳዝነኛል።

በዚያው ወር፣ በዚያው ዓመት በእኛ አገር ማን ነገሠ ብዬ በመስኮቱ ሥር ቆሜ አሰብኩ። ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩ። አጠገባቸው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር። የቦሔሚያ መኳንንት መስኮቱን ከከፈቱ በኋላ፣ በጁን 1618፣ ኢየሱሳውያኑን ከአገራቸው አባረሩ፤ ሱስንዮስ ግን በ1622 በይፋ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ከዚያ የመጣው የወንድማማች ደም የታወቀ ነው፤ በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋናቸውን እስኪለቁ ድረስ ቆየ። አንዱ አገር ኢየሱሳውያኑን አባርሮ ጦርነት ገባ፤ ሌላው ተቀብሎ ገባ። ታሪክ እነዚህን ሁለት አገሮች በአንድ ገጽ ላይ ሲጽፍ አላየሁም፤ ሊጻፉ ይገባ ነበር።

ነጭ ተራራ

የ22 ቁጥር መጨረሻ ፌርማታ ላይ ከወረዱ በኋላ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ትንሽ መሄድ አለ። ከዚያ ሜዳ። «ተራራ» ይባል እንጂ ለደጋ ሰው ዐይን ዝቅ ያለ ጉብታ ነው። በመካከሉ ድንጋይ ተከምሮ መታሰቢያ ተደርጎለታል።

ኖቬምበር 8 ቀን 1620 የቦሔሚያ ጦር እዚህ ተሸነፈ፤ ውጊያው ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየም። መኳንንቱ በፈርዲናንድ ምትክ ያነገሡት ፍሬድሪክ 5ኛ ከፕራግ ሸሸ፤ ዘመኑ ከአንድ ክረምት ብዙም ስላላለፈ «የክረምቱ ንጉሥ» የሚል ስም ቀረለት። ጦርነቱ ግን አልቆመም። ዴንማርክ ገባችበት፣ ስዊድን ገባችበት፣ ፈረንሳይ ገባችበት። እስከ 1648 ሠላሳ ዓመት ቆየና ስሙም «የሠላሳው ዓመት ጦርነት» ሆነ። በሰይፍ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ያለቀውን ሰው የታሪክ ጸሐፊዎች ከ4.5 እስከ 8 ሚሊዮን ይገምቱታል፤ ከባዱ ሸክም የወደቀው በጀርመን አገሮች ላይ ነበር። መጨረሻውም ተመልሶ ፕራግ ደረሰ። በ1648 ስዊድኖች ቤተ መንግሥቱን ያዙና የሩዶልፍን ሀብት ዘረፉ፤ ከዚያ የተወሰደው ኮዴክስ ጊጋስ የተባለው ግዙፍ የብራና መጽሐፍ እስከ ዛሬ ስቶክሆልም ነው። በካርል ድልድይ ላይ ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች ስዊድኖቹን ገትተው ሲከላከሉ ሳለ የቬስትፋልያ ሰላም ተፈረመ።

እዚህ ሜዳ ላይ ሳለሁ ስለ ቃሉ የማስበው ነገር ተለወጠ። «ዲፈነስትሬሽን» በእንግሊዝኛ ሲነገር ፈገግ የሚያሰኝ ቃል ሆኗል፤ ሰዎች ለጨዋታ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ሊቀል የቻለው የወደቁት ሦስት ሰዎች ስለተረፉ ነው። በ1419 በጦር ጫፍ ላይ የወደቁት ሹማምንት ግን አልተረፉም፤ በእነሱ ጊዜ ቃሉ አልተሠራም። ከመስኮቱ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ላለቁት ሚሊዮኖችም እንዲህ ያማረ የላቲን ስም አልወጣላቸውም። አንድም ሰው ያልሞተበት መጣል በየቋንቋው ሲኖር፣ ያስከተለው እልቂት ግን በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ቃሉን ከእንግዲህ ስሰማ መስኮቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ሜዳም አብሬ እሰማለሁ።

አሮጌው አደባባይ

የፕራግ ጎብኚ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚህ ነው፤ የሥነ ፈለኩ ሰዓት ሲደውል ራሱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። የአሮጌው ከተማ ማዘጋጃ ቤትም የራሱ መስኮት አለው፤ በ1483 የከተማው አለቃ ከዚህ ተጥሏል። ስለዚህ ቼኮች ራሳቸው ሲቆጥሩ የ1618ቱ ሁለተኛው ነው ወይስ ሦስተኛው በሚለው ይለያያሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። በድንጋዩ ንጣፍ ላይ 27 ነጫጭ መስቀሎች ተቀርጸዋል። ጁን 21 ቀን 1621 የአመፁ መሪዎች ተብለው የተፈረደባቸው 27 ሰዎች እዚህ ተገደሉ፦ 3 ታላላቅ መኳንንት፣ 7 ባላባቶች፣ 17 የከተማ ሰዎች። ያን ሚድላርዥ የተባለው ገዳይ ሥራውን የጨረሰው በአንድ ጠዋት ነው። የ12ቱ ራስ በብረት ዘንቢል ተደርጎ በካርል ድልድይ ግንብ ላይ ተሰቀለ፤ አብዛኞቹም የሳክሶን ጦር ከተማዋን በ1631 እስኪይዝ ድረስ አሥር ዓመት እዚያ ቆዩ።

ከ27ቱ መካከል ሁለቱ ከአእምሮዬ አልጠፉም። አንዱ ያን ዬሴንዩስ ነው። ሐኪም፣ የፕራግ ዩኒቨርሲቲ ርእሰ መምህር፣ በ1600 በከተማዋ የሰው አስከሬን በሕዝብ ፊት ከፍቶ ያስተማረ የሰውነት ክፍሎች ሊቅ። ለአመፁ በአንደበቱ ስለተሟገተ አንገቱ ከመቀላቱ በፊት ምላሱ ተቆረጠ። የላቲን ንግግሩ የሚታወቅ ሰው ነበር። ፈራጆቹ ቅጣቱን ሲመርጡ ቃል ምን ያህል እንደሚያስፈራቸው ተናግረዋል።

ሌላው ክርሽቶፍ ሃራንት ነው። ሙዚቀኛ፣ ዜማ ደራሲ፣ መንገደኛ። በ1598 ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ሲና እና ወደ ግብጽ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ በፕራግ የወጣው በ1608 ነው። ዜማዎቹ ዛሬም ይዘመራሉ። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሃራንትን መስቀል ከሌሎቹ ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ ስም አልተጻፈባቸውም። ስሞቹ ያሉት በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ነው። አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቢያነባቸው ደስ ይለኛል።

ቸርኒን

በፖሆርዤሌትስ ፌርማታ ወርጄ ወደ ቸርኒን ቤተ መንግሥት ተራመድኩ። ረዥም ሕንፃ ነው፤ ፊቱ ላይ ግዙፍ ዓምዶች ተሰልፈዋል። ዛሬም የቼክ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ በ1948ም የቼኮስሎቫኪያ ነበር። ሚኒስትሩ ያን ማሳሪክ መኖሪያቸውም እዚሁ ነበር።

አባታቸው ቶማሽ ማሳሪክ በ1918 የቼኮስሎቫኪያን ሪፐብሊክ የመሠረቱ፣ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት ናቸው። እናታቸው አሜሪካዊት ነበሩ። ያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ለንደን ሆነው በስደት ያለው መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ፤ በቢቢሲ ሬዲዮ ለአገራቸው ሲናገሩ ብዙ ቼኮች በየቤታቸው ተደብቀው ያደምጧቸው ነበር። በ1947 አገራቸው የአሜሪካንን የማርሻል ዕርዳታ ለመቀበል ስትዘጋጅ ስታሊን ከለከለ። በፌብሩዋሪ 1948 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣኑን ጠቀለሉ። ሌሎች ሚኒስትሮች ሥራቸውን ሲለቁ ማሳሪክ በቦታቸው ቀሩ። ማርች 10 ማለዳ፣ በፒጃማቸው እንዳሉ፣ ከመታጠቢያ ክፍላቸው መስኮት ሥር በግቢው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

የዚያን ጊዜው መንግሥት ራሳቸውን ገደሉ አለ። በ1968፣ የፕራግ ጸደይ በተባለው የነጻነት ወራት ነገሩ ተመልሶ ተነሣ። ከኮሚኒዝም መውደቅ በኋላ ፖሊስ ምርመራውን አድሶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተገደሉ መሆናቸውን ደመደመ። በ2019 እንደገና ተከፈተ፤ በ2021 ቁርጥ ያለ መልስ ላይ ሳይደረስ ተዘጋ።

ብዙ ሰው ይህንንም ከፕራግ መስኮቶች ጋር ይቆጥረዋል። እኔ ግን የቃሉን አሠራር ሳስብ እቆማለሁ። «ዴ» እና «ፈነስትራ» የተገናኙት ወርዋሪ ስላለ ነው። በ1419 ወርዋሪው ሕዝቡ ነበር፤ ማንም አልደበቀውም። በ1618 ቱርንና ጓደኞቹ ነበሩ፤ በአደባባይ ተከራክረውበታል። ማሳሪክ ራሳቸው ወድቀው ከሆነ ቃሉ አይመለከታቸውም፤ ሌላ ሰው ጥሏቸው ከሆነ ይመለከታቸዋል። ስለዚህ አንድ ቼክ የእሳቸውን ሞት በዚህ ቃል ሲጠራ ለምርመራው መልስ እየሰጠ ነው፤ በ2021 የተዘጋው ምርመራ ያልሰጠውን መልስ። ያገኘኋቸውን ሰዎች ስጠይቅ አብዛኞቹ ቃሉን ያለ ማመንታት ተጠቀሙበት። አንዲት አረጋዊት እናት ግን «ኡምርዤል» ብቻ አሉኝ፤ «ሞተ» ማለት ነው። እናቴ፣ ለምን ሌላውን ቃል አልተጠቀሙም ብዬ ጠየቅኳቸው። በ1948 ልጅ እንደነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ስለ መስኮቱ የተናገረ ሰው ይታሰር እንደነበር፣ ምላሳቸውም ያን ቃል እንዳልለመደው ነገሩኝ።